አናቶሚና ኒውሮሳይንስ አስተማሪ መሆን ለምትፈልጉ የጤና ምሩቃን፦ ዝርዝር መመሪያ

በየዓመቱ አዲስ የነርስ፣ የአዋላጅ፣ የአኔስቴዥያ፣ የፊዚዮቴራፒና የሕክምና ተማሪዎች ወደ ግቢ ይገባሉ። ሁሉም አናቶሚ ይማራሉ። ብዙዎቹ ኮርሱን የሚያልፉት በሽምደዳ ነው፤ ፈተናው ካለፈ ወር ሳይሞላው አብዛኛው ይረሳል። ከዚያ ዋርድ ገብተው መርፌ ሲይዙ ከመቀመጫ ወደ እግር የሚወርደው ሳያቲክ ነርቭ በየት በኩል እንደሚያልፍ እርግጠኛ መሆን ያቅታቸዋል። ያኔ ዋጋውን የሚከፍለው ታካሚው ነው።

ይህ መመሪያ ይህን መቀየር ለሚፈልግ ወጣት ምሩቅ ነው። ከረዳት ምሩቅነት እስከ ፕሮፌሰርነት ያለውን መንገድ ያሳያል፤ ብዙውን ቦታ ግን ለክፍልና ለላቦራቶሪ (ላብ) ሥራ ሰጥቼዋለሁ። ከዳር እስከ ዳር የሚሄደው ሐሳብ አንድ ነው፦ የምታስተምሩትን እያንዳንዱን ነገር ተማሪው ነገ በእጁ ከሚሠራው ሥራ ጋር እሰሩት።

1. በሩን ዕወቁት

በኢትዮጵያ ሁለት የተለመዱ መግቢያዎች አሉ። አንደኛው በመጀመሪያ ዲግሪ ጥሩ ውጤት አምጥቶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በረዳት ምሩቅነት መቀጠር ነው፤ በግቢ ቋንቋ ጂኤ የምንለው። ሁለተኛው ጥቂት ዓመት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሠርቶ፣ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን አልፎ፣ በአናቶሚ ማስተርስ መማር ነው። እኔ ለሁለተኛው አደላለሁ። ታካሚ ነክቶ የመጣ ሰው ክፍል ውስጥ ምሳሌ አያጥረውም።

የአናቶሚ ማስተርስ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲና ሌሎችም ጋ አለ። ሁለቱ በአገሪቱ የጤና ትምህርት ውስጥ ነባር ናቸው፤ የጎንደሩ የጤና ኮሌጅ በፈረንጆቹ 1954፣ የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ በ1964 ነው የተከፈቱት (ከዚህ በታች ያሉትንም ዓመታት በፈረንጆቹ ነው የጻፍኳቸው)። ቦታ ስትመርጡ ከስሙ በላይ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ተማሪው በራሱ እጅ ዲሴክሽን (አስከሬን ከፍቶ ማጥናት) ይሠራል ወይስ ከሩቅ ቆሞ ያያል? መልሱን ከሲኒየር ተማሪዎች ታገኙታላችሁ።

ከመግባታችሁ በፊት ሁለት ነገር አስቡበት። አናቶሚ ቤዚክ ሳይንስ ነው፤ ዓመታት ካለፉ በኋላ ወደ ክሊኒክ መመለስ ይከብዳል። ስለዚህ የሙያ ፈቃዳችሁን እያደሳችሁ ቆዩ። ሌላው፣ ዩኒቨርሲቲው ስፖንሰር ሲያደርጋችሁ የአገልግሎት ውል ያስፈርማል። ስንት ዓመት እንደሚያስር፣ ብታቋርጡ ምን እንደሚያስከፍል አንብባችሁ ፈርሙ። በጥድፊያ ፈርሞ በኋላ ላይ የሚቸገር ብዙ ሰው አለ።

2. ማስተርሱን ስትማሩ እጃችሁን አሠልጥኑ

ንባቡ የትም አይሄድም። እጅ ግን የሚሠለጥነው ካዳቨር፣ ማለትም ለትምህርት የተዘጋጀ አስከሬን፣ አጠገብ በምታሳልፉት ሰዓት ነው። ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የሚታየውን ናሙና እናንተ እንድታዘጋጁ ጠይቁ። አንድ ክንድ ከቆዳ እስከ አጥንት በሥርዓት የከፈተ ሰው፣ ሚዲያን ነርቭ በግንባር ክንዱ ጡንቻዎች መካከል እንዴት ሾልኮ እንደሚወርድ ማንም ሊያስረሳው አይችልም።

ከላብ ቴክኒሻኑ ተማሩ። ብዙ ግቢ ውስጥ አስከሬን እንዴት እንደሚደርቅ፣ ምን ያህል ፈሳሽ በየት በኩል እንደሚሰጥ፣ ታንከሩ መቼ እንደሚለወጥ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ጋሼ ብላችሁ ቅረቡት፤ ሥራውንም አብራችሁ ሥሩ።

ሌላው ሥዕል ነው። ሰዓሊ መሆን አይጠበቅባችሁም። የህብለ ሰረሰርን አግድም ቁራጭ፣ የአንጎል ግንድን፣ የክንድ ነርቮች መነሻ የሆነውን ብሬኪያል ፕሌክሰስን ሳታዩ፣ በጥቂት መስመር፣ ሰሌዳ ላይ መሳል ልመዱ። ተማሪው ከእናንተ ጋር መስመር በመስመር አብሮ ሲስል ፍጥነታችሁ ከእሱ ፍጥነት ጋር ይገጥማል። በፓወር ፖይንት ይህ አይገኝም፤ ስላይዱ ካለቀ በኋላ ነው ተማሪው ግራ መጋባቱን የሚያውቀው። መብራት ሲጠፋም ክፍሉ አይቆምም።

የዩኒቨርሲቲ መምህራን የማስተማር ሥልጠና የሆነውን ኤችዲፒን እንደ ግዴታ ብቻ አትዩት። ትምህርት ማቀድና ፈተና ማውጣት የሚማሩት ሙያ ነው።

3. ሃንድአውት ከማዘጋጀታችሁ በፊት ተማሪውን ለዩ

ትልቁ ችግር ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ለሕክምና ተማሪዎች የተዘጋጀው ስላይድ ሳይነካ ለነርሱም ለአዋላጁም ይቀርባል። ጥልቀቱም ዝርዝሩም ያው ነው፤ የሚቀንሰው ሰዓቱ ብቻ ነው። ውጤቱም ሁሉን ነካክቶ ምንም አለመያዝ ይሆናል።

ኮርሱ ሲሰጣችሁ መጀመሪያ የዚያ ሙያ ሲኒየር መምህር ጋ ሂዱና ጠይቁ፦ ተማሪዎቻችሁ ዋርድ ሲገቡ በእጃቸው የሚሠሩት ምን ምንድን ነው? መልሱን ጽፋችሁ ያዙ። ከዚያ እያንዳንዱ ሥራ የሚፈልገውን አናቶሚ ከጎኑ ጻፉ። ኮርሳችሁ ከዚያ ዝርዝር ይወጣል።

ነርስን እንውሰድ። ጡንቻ ላይ መርፌ መስጠት የዕለት ተዕለት ሥራዋ ነው። መቀመጫ ላይ የሚሰጠው መርፌ ቦታውን ከሳተ ሳያቲክ ነርቭን ይጎዳል። ይህን በስላይድ አታስተምሩት። ተማሪዎቹን አስነሡ። መዳፋቸውን ዳሌያቸው ጎን ላይ አሳርፈው እግራቸውን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ያዙሩ። ከመዳፋቸው ሥር የሚንቀሳቀሰው አጥንት ታላቁ ትሮካንተር ነው። አሁን ወንበራቸው ላይ ይቀመጡና ክብደታቸው ያረፈበትን አጥንት በጣታቸው ይፈልጉ፤ ኢስኪያል ቲዩብሮሲቲ እሱ ነው። ሳያቲክ ነርቭ ከመቀመጫ ወደ ጭን ሲወርድ በግምት በሁለቱ መካከል ያልፋል። ከዚያ መቀመጫውን በሐሳብ አራት ቦታ ያካፍሉት። ላይኛው ውጫዊ ሩብ ለምን እንደሚመረጥ ራሳቸው ይነግሯችኋል።

እዚህ ላይ አትቁሙ። «ነርቩ ቢጎዳ ታካሚው ሲራመድ ምን ታያላችሁ?» በሉ። የእግሩን መዳፍ ወደ ላይ ቀና ማድረግ ያቅተዋል፤ ጣቶቹ መሬት ይነካሉ፤ ላለመደናቀፍ ጉልበቱን ከፍ አድርጎ ይረግጣል። «ለጨቅላ ሕፃንስ?» ጭን ላይ፣ በፊትና በውጭ ጎን በኩል። ያቺ ነርስ ከዓመታት በኋላ የጡንቻዎቹን ስም ብትረሳ ችግር የለም። መርፌው የት እንደሚገባ ግን አትረሳም።

ለአኔስቴዥያ ተማሪ ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው፦ መርፌው ህብለ ሰረሰርን ሳይነካ በየት ይገባል? በአዋቂ ሰው ህብለ ሰረሰር የሚያልቀው አንደኛውና ሁለተኛው የወገብ አከርካሪ አካባቢ ነው። በአዲስ የተወለደ ሕፃን ግን እስከ ሦስተኛው ሊወርድ ይችላል። የሁለቱን ዳሌ አጥንቶች የላይኛ ጠርዝ የሚያገናኘው መስመር አራተኛው የወገብ አከርካሪ ላይ ያልፋል። ተማሪዎቹ እርስ በርስ ጀርባ ላይ እየዳሰሱ ያግኙት።

አዋላጆች ኢስኪያል ስፓይንን፣ በዳሌ ውስጥ ያለውን የአጥንት ሹል፣ በደንብ ይፈልጉታል። የሕፃኑ ጭንቅላት ምን ያህል እንደወረደ የሚለኩት በእሱ ነው፤ የብልት አካባቢን የሚያገለግለውን ፑደንዳል ነርቭን ለማደንዘዝም ምልክታቸው ነው። የሕፃኑ ትከሻ ተይዞ አንገቱ ሲሳብ አምስተኛውና ስድስተኛው የአንገት ነርቮች ለምን እንደሚጎዱ፣ ክንዱም ለምን ተንጠልጥሎ ወደ ውስጥ እንደሚዞር ከዚሁ ጋር አስተምሩ።

የቋንቋውን ነገርም አትለፉት። ማስተማሪያውም ፈተናውም እንግሊዝኛ ነው። ክፍሉ ውስጥ ግን አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ትግርኛና ሌላም የሚናገር ልጅ አለ። ዋናውን ሐሳብ ቀላል በሆነ እንግሊዝኛ አስረዱ፣ በእጃችሁ አሳዩ፣ በሥዕል ድገሙት። በአማርኛ ብቻ ማብራራት ለአንዱ ሲያቀል ሌላውን ከክፍል ማስወጣት ይሆናል። ተማሪዎች በየቋንቋቸው እርስ በርስ እንዲያስረዱ ጥቂት ደቂቃ ስጡ። ያኔ የሚነሣው ጫጫታ ጥሩ ጫጫታ ነው።

4. ኒውሮአናቶሚን በሦስት የነርቭ መንገዶች ጀምሩ

ተማሪው ከሁሉም በላይ የሚፈራው ይህን፣ የአንጎልንና የነርቮችን አናቶሚ፣ ነው። ፍርሃቱን የሚያመጣው አቀራረቡ ነው። 12 የራስ ቅል ነርቮች፣ 31 ጥንድ የህብለ ሰረሰር ነርቮች፣ ስም የለሽ የሚመስሉ ደርዘን መንገዶች በአንድ ሳምንት ይዘረገፉበታል።

በሦስት መንገዶች ብቻ ጀምሩ። ሦስት ቀለም ቾክ ያዙ።

በቀዩ የእንቅስቃሴውን መንገድ፣ ኮርቲኮስፓይናልን ሳሉ። ከአንጎል ቅርፊት ይነሣል፤ የአንጎል ግንድ ታችኛ ክፍል በሆነው በሜዱላ ታችኛው ጫፍ ላይ አብዛኛው ክፍል ወደ ሌላው ጎን ይሻገራል፤ ከዚያ በተሻገረበት ጎን ይወርዳል። በሰማያዊው የንዝረትንና የአቋም ስሜትን መንገድ፣ የኋላውን ዓምድ ሳሉ። በገባበት ጎን ወደ ላይ ይወጣል፤ የሚሻገረው ሜዱላ ሲደርስ ነው። በቢጫው የሕመምና የሙቀት መንገድ የሆነውን ስፓይኖታላሚክን ሳሉ። ይህ አይቆይም፤ ከገባበት ከፍታ አንድ ሁለት ክፍል እንኳ ሳይርቅ እዚያው ህብለ ሰረሰር ውስጥ ይሻገራል።

ተማሪው ይዞ መውጣት ያለበት አንድ ጥያቄ ነው፦ እያንዳንዱ መንገድ የሚሻገረው የት ነው?

አሁን ታካሚ አምጡ። ሰውየው ደረቱ ከፍታ ላይ ከጀርባው በጩቤ ተወግቷል፤ የህብለ ሰረሰሩ ቀኝ ግማሽ ተቆርጧል። «የትኛው እግሩ አይንቀሳቀስም?» ዝም በሉና ጠብቁ። ክፍሉ ይከፈላል፤ ግማሹ ቀኝ ግማሹ ግራ ይላል። መልሱን አትስጡ። አንዱን ወደ ሰሌዳው ጥሩትና ቀዩን መስመር በጣቱ ይከተል። መንገዱ ሜዱላ ላይ ስለተሻገረ ከቁስሉ በታች ያለው የቀኝ እግር ነው የማይታዘዘው። ሰማያዊው ገና ስላልተሻገረ የንዝረት ስሜት የጠፋውም በቀኙ ነው። ቢጫው ሲመጣ ግን ክፍሉ ይደነቃል፤ መርፌ ቢወጉት የማይሰማው ግራ እግሩ ነው።

ይህን ሁኔታ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የገለጸው ብራውን ሴካር ነው። የተወለደው እዚሁ አፍሪካ፣ ሞሪሸስ ደሴት፣ በ1817 ነው። ለተማሪዎቻችሁ ንገሯቸው። የሚሸመድዱት ስም ሁሉ ከሩቅ አገር የመጣ የሚመስላቸው ልጆች ናቸው።

ሞዴል የሌለበት ግቢ ከሆናችሁ ሦስት ቀለም ያለው ገመድ ይበቃል። አንድ ተማሪ እግር ይሁን፣ አንዱ ህብለ ሰረሰር፣ አንዱ ሜዱላ፣ አንዱ ታላመስ (ስሜቶች ወደ ቅርፊቱ የሚተላለፉበት የአንጎል ክፍል)፣ አንዱ የአንጎል ቅርፊት። ገመዱን እየተቀባበሉ በትክክለኛው ቦታ ያሻግሩት። ከዚያ አንዱን ገመድ በመቀስ ቁረጡትና ምን እንደጠፋ ጠይቁ።

ከዚህ በኋላ ሌላው ሁሉ መያዣ ያገኛል። የፊት ነርቭን በሁለት ታካሚዎች አስተምሩ። ሁለቱም ፊታቸው ተጣሟል። አንደኛው ግንባሩን መቋጠር ይችላል፤ አንጎሉን ፈትሹ፣ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። ሌላው ግንባሩም አልታዘዝ ብሎታል፣ ዓይኑንም መጨፈን አቅቶታል፤ ችግሩ ነርቩ ላይ ነው። ድንገተኛ ክፍል የምትመደብ ነርስ ይህን ልዩነት ካወቀች የሰው ሕይወት ልታተርፍ ትችላለች።

5. የሰው አንጎል ከሌለ የበግ አንጎል አለ

ብዙ አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች ለተማሪው ብዛት የሚበቃ የሰው አንጎል የላቸውም። የበግ ጭንቅላት ግን በየከተማው ይገኛል። የሰው አንጎል ከ1300 እስከ 1400 ግራም ይመዝናል፤ የበግ የዚህ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። መሠረታዊ አወቃቀሩ ግን ተመሳሳይ ነው።

ልኳንዳ ቤት ሄዳችሁ ጭንቅላቱ እንዳይፈለጥ አስቀድማችሁ ንገሩ። አለዚያ በመጥረቢያ ከመሃል ሰንጥቀው ይሰጧችኋል። ጾም ሲገባ የበግ ሥጋ ገበያ ስለሚቀዘቅዝ፣ ኮርሳችሁ ከዐቢይ ጾም ጋር ከተገጣጠመ ቀድማችሁ አዘጋጁ።

ራስ ቅሉን በመጋዝ ዙሪያውን ክፈቱ፤ መጋዙ አጥንቱን እንጂ አንጎሉን እንዳይነካ። የአንጎሉን ጠንካራ ሽፋን፣ ዱራውን፣ በመቀስ ቁረጡ። አንጎሉን ከፊት በኩል በቀስታ እያነሣችሁ፣ ነርቮቹን አንድ በአንድ እየቆረጣችሁ አውጡት። 10 በመቶ ፎርማሊን አዘጋጁ፤ ከፋብሪካ የመጣው አንድ እጅ፣ ውሃ ዘጠኝ እጅ ማለት ነው። አንጎሉ ዕቃው ግርጌ ላይ ካረፈ ይጠፈጠፋል። ስለዚህ ከአንጎሉ ሥር ባለው ባዚላር የደም ቧንቧ በታች ክር አሳልፋችሁ፣ ተገልብጦ እንዲንሳፈፍ ከዕቃው አፍ ላይ እሰሩት። ሁለት ሳምንት ገደማ ይቆይ። ክፍል ከመግባታችሁ በፊት በነበረው ሌሊት በውሃ ይታጠብ።

ለተማሪዎቹ ልዩነቱንም ንገሩ። በበጉ የማሽተቻ ክፍሉ ትልቅ ነው። ሴሬቤለሙ (ትንሹ አንጎል) ከኋላ እንጂ ከሥር አይደለም፤ በጉ በአራት እግሩ ስለሚቆም የአንጎል ግንዱ ከሴሬብረሙ (ከትልቁ አንጎል) ጋር ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የሰው ግን ወደ ታች ታጥፏል። ይህን ልዩነት ማስረዳት የቻለ ተማሪ የሰውንም ተረድቷል።

6. ካዳቨር ላብ

የምንማርባቸው አስከሬኖች በአብዛኛው ወሳጅ ያጡ ሰዎች ናቸው። ፈቃዳቸውን የጠየቃቸው የለም። የዓለም አቀፉ የአናቶሚ ማኅበራት ፌዴሬሽን በ2012 ባወጣው ምክረ ሐሳብ ትክክለኛው መንገድ በፈቃድ የሚለገስ አስከሬን ነው ብሏል። እኛ እዚያ እስክንደርስ ድረስ ዕዳችን ከፍ ያለ ነው። የመጀመሪያው ቀን በጸጥታ ይጀመር። ስልክ ቦርሳ ውስጥ ይግባ፤ ፎቶ በፍጹም አይነሣ። ፊቱ፣ ርዕሱ ካልሆነ በቀር፣ ይሸፈን። የአንዱ ሰው ክፍል ከሌላው ጋር አይደባለቅ፤ ትምህርቱ ሲያልቅ አንድ ላይ ይቀበር።

የሚያዞረው፣ የሚያለቅስ፣ ቤተሰቡን ያጣ ተማሪ አለ። ከአጥንት ጀምሩ፣ ቀጥሎ እግርና እጅ። በር አጠገብ ወንበር ይኑር። የወጣውን ተማሪ በሰው ፊት አትጥሩት፤ በኋላ ለብቻ አነጋግሩት።

ፎርማሊንን አትናቁ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ2004 ፎርማልዴሃይድ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ወስኗል። መስኮት ይከፈት፣ ጓንትና ጋዋን ይለበስ፣ ዓይን ይሸፈን። ነፍሰ ጡር ባልደረባም ሆነ ተማሪ ካለች ሌላ ሥራ ይመደብላት። ማራገቢያ እንዲገጠም የምትጽፉት ደብዳቤ ሦስቴ ቢመለስም አራተኛውን ጻፉ። የምታተርፉት የራሳችሁን ሳንባም ነው።

7. ፈተናውን እንደ ማስተማሪያ ተጠቀሙበት

በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች ያሳዩት ነገር አለ። ጽሑፉን ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ የተሻለ ያስታውሳሉ፤ ከሳምንት በኋላ ግን የሚበልጡት አንዴ አንብበው ራሳቸውን የፈተኑት ናቸው። ስለዚህ በየክፍለ ጊዜው መግቢያ ላይ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ውጤት አትያዙበት። ባዶ ወረቀት ላይ ካለፈው ክፍል አንድ ሥዕል ይሳሉ።

ናሙና ላይ ምልክት ተደርጎ በሚጠየቅበት ስፖት ፈተና ላይ «ይህ ምንድን ነው?» ብቻ አትበሉ። ክር የታሰረበትን ነርቭ አሳዩና «ይህ ቢቆረጥ ታካሚው ምን ያቅተዋል?» በሉ። ሽምደዳ እዚያ ላይ ይቆማል። ከፈተናው በኋላ ማንም ያልመለሰውን ጥያቄ ለዩት። ጎበዞቹም ከሳቱት ችግሩ ከጥያቄው ወይም ከማስተማሩ ነው።

8. ማዕረግና ምርምር

ቅደም ተከተሉ ረዳት ምሩቅ፣ ረዳት ሌክቸረር፣ ሌክቸረር፣ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር፣ ፕሮፌሰር ነው። ማስተርስ ይዛችሁ ስትመለሱ ሌክቸረር ትሆናላችሁ። ከዚያ በላይ የአገልግሎት ዘመን፣ የማስተማር ግምገማና የታተመ ጽሑፍ ይጠየቃል፤ ፒኤችዲ መንገዱን ያሳጥራል። መስፈርቱን ከዩኒቨርሲቲያችሁ ሴኔት መመሪያ ራሳችሁ አንብቡት። በወሬ አትሂዱ።

ምርምር ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል ብላችሁ አትሽሹ። የኢትዮጵያውያንን የራስ ቅል ቀዳዳዎች መለካት፣ በሲቲ ስካን የአንጎል ደም ሥሮችን ልዩነት ማጥናት፣ ሳያቲክ ነርቭ የሚከፈልበትን ቦታ መመዝገብ ይቻላል። ለቀዶ ሐኪሞቻችንም ይጠቅማል፤ መጻሕፍቱ ላይ ያለው ልኬት በአብዛኛው ከሌላ ሕዝብ የተወሰደ ነው። ጽሑፋችሁን ቶሎ እናወጣለን ብለው በኢሜይል ለሚያሳድዷችሁ ጆርናሎች አትስጡ። በኒውሮሳይንስ በኩል፣ በ1961 የተቋቋመው ኢብሮ (ዓለም አቀፉ የአንጎል ምርምር ድርጅት) እና በ1993 የተቋቋመው የአፍሪካ ኒውሮሳይንቲስቶች ማኅበር የሚያወጧቸውን የሥልጠና ዕድሎች ተከታተሉ።

9. አሜሪካ ላላችሁ

አገር ቤት ያስተማራችሁ ብዙዎች አሜሪካ ገብታችሁ ሙያውን ትታችሁታል። ሳትተዉት ኮሚዩኒቲ ኮሌጆችን ሞክሩ። ነርስ ለመሆን የሚፈልግ ሁሉ እዚያ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ 1 እና 2 ይወስዳል፤ ለማስተማር በብዙዎቹ ማስተርስ ይበቃል። መጀመሪያ ትራንስክሪፕታችሁን ዌስ (WES) በመሳሰሉ የውጭ አገር ትምህርት ገምጋሚ ተቋማት አስገምግሙ። ሲቪያችሁ ላይ ስንት ክሬዲት አናቶሚ እንደወሰዳችሁ በግልጽ ይውጣ። አብዛኛው መግቢያ በትርፍ ሰዓት ነው፤ ክፍያው በኮርስ ይሰላል፣ ኢንሹራንስ ላይኖረው ይችላል። ሌላ ሥራ ካላችሁ ሳትለቁ በማታ ወይም በቅዳሜ ክፍል ጀምሩ።

ኢንተርቪው ላይ አጭር ክፍል እንድታስተምሩ ይጠይቋችኋል። ስላይድ አታብዙ። ሦስት ቀለም ማርከር ይዛችሁ ግቡ፣ ሦስቱን መንገዶች ሰሌዳው ላይ ሳሉ፣ ከዚያ ጠያቂዎቻችሁን ራሳቸውን «የትኛው እግር ነው የማይንቀሳቀሰው?» በሏቸው።